በሳጥን የቀረ ውክልና

ዝላትካ ድሮ ሳቂታ ነበረች። ባሏ ጌንኮ ከትራክተር ወድቆ ሲሞት ሳቋም አብሮት ሄደ። ልጅ አልወለደችለትም፤ የወላጆቿም ቤት ከፈረሰ ቆይቷል። ስለዚህ እዚያው ቀረችና የባሏን እናት ባባ ኔዳን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጦረች። ያቺን አሮጊት መጦር ደግሞ ቀላል አልነበረም። ሾርባው ቢጥማት እንኳ ማንኪያው ቀዘቀዘ የምትል ሴት ነበረች።

ቤቱ ባባ ኔዳ ከአባቷ የወረሰችው ነው። ሌላው ልጇ ፕላመን ስፔን ገብቶ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደጇን አልረገጠም። ሕግ ግን ደጅ መርገጥን አይጠይቅም፤ አሮጊቷ ስትሞት ቤቱ የፕላመን ነው፣ ምራት ምንም የላትም። ይህን መንደሩ ሁሉ ያውቃል፣ ባባ ኔዳም ታውቃለች።

እኔ ዳቦ አመላላሽ ነኝ። ማክሰኞና ሐሙስ ከቪዲን ከተማ ዳቦ ጭኜ እመጣለሁ፣ ስመለስ ሐኪም ቤት የሚሄደውን ሽማግሌ ሁሉ እወስዳለሁ። አውቶቡሱ ከቀረ ዓመታት አልፈዋል። አንድ ሐሙስ ባባ ኔዳ አዲሱን ሻርፗን አስራ ወጣችና ጎኔ ተቀመጠች። ዝላትካ ወይን ስትገርዝ ነበር፣ አላየችንም። ከተማ ስንደርስ ውል አዋዋይ ቢሮ አድርሰኝ አለችኝ። ደረጃው ስላቃታት ደግፌ አስገባኋት፣ በዚያው የተባለውን ሁሉ ሰማሁ።

ውል አዋዋይዋ ወጣት ሴት ናት። ባባ ኔዳ ቤቱ ለምራቴ ይሁን አለቻት፤ ኑዛዜ ይጻፉ ስትላት ግን አማተበች።

"ኑዛዜ የጻፈ ሰው ሞቱን በስሙ ጠራው ማለት ነው። ዓመት አይከርምም።"

"እንግዲያው ቤቱን ዛሬውኑ በስጦታ ያስተላልፉላት።"

"በቁሜ በአባቴ ቤት እንግዳ ልሁን? ነገ ጨው በዛበት ብል፣ ውጪልኝ ብትለኝስ?"

ዝላትካ እንደዚያ እንደማትል እሷም ታውቃለች። ግን አመሏ ነው። በመጨረሻ ውክልና ላይ ተስማሙ፤ ዝላትካ በባባ ኔዳ ስም ሆና ቤቱን ለፈለገችው፣ ለራሷም ጭምር፣ በፈለገችው ቀን ማዛወር እንድትችል። ወረቀቱ ጮክ ተብሎ ተነበበ፣ ተፈረመ፣ ማኅተም ተመታበት። ውል አዋዋይዋ እስከ በሩ ተከትላን መጣች። "ቶሎ ይስጧት እማማ። ይህ የሚሠራው እርስዎ በሕይወት እስካሉ ነው" አለች። ባባ ኔዳ እሺ አለች፤ አባባሏ ግን ሐኪም ጨው ተይ ሲላት እሺ እንደምትለው ነው።

መኪና ውስጥ ወደ እኔ ዞረች። "አንተ ሲሜዮን፣ በጊዜው እኔው ራሴ እሰጣታለሁ። ከነገርክብኝ ከእንግዲህ ዳቦህን ለአሳማዬ ነው የምገዛው።" ሳቅኩና በልጆቼ ማልኩላት።

ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ ቀኝ ጎኗ ሞተ፣ አንደበቷም ተዘጋ። ስምንት ወር ተኛች። ዝላትካ አጠበቻት፣ አጎረሰቻት፣ አገላበጠቻት።

በእኛ ዘንድ ሴት ዕድሜዋ ሲገፋ የመቀበሪያ ልብሷን አዘጋጅታ ትጠብቃለች። ልብሱን፣ ሹራብ ካልሲውን፣ ሻማውን በነጭ ጨርቅ ቋጥራ አልጋዋ ግርጌ ሳጥን ውስጥ ታኖራለች። ያ ቋጠሮ አንዴ ከታሰረ ባለቤቲቱ ሳትሞት አይፈታም፤ የፈታው ሰው ሞት ጠሪ ይባላል። ባባ ኔዳ በዚያች በቀረቻት ግራ እጇ ጠዋት ማታ ወደ ሳጥኑ ትጠቁም ጀመር።

ዝላትካ አንድ ማክሰኞ ዳቦ ልትወስድ ወጥታ ነገረችኝ። "ሞት አማራት፣ ጋሽ ሲሜዮን። ልብሴን አልብሱኝ ነው የምትለኝ። ገና ነው እማ፣ የምን ሞት ነው እላታለሁ፣ አትሰማም። ዛሬ ሳጥኑን ከዓይኗ እንዲርቅ ብዬ ጓዳ ከተትኩት። እንደ ሕፃን አለቀሰች።"

አይዞሽ አልኳት። ዳቦዋን ሰጠኋትና ሞተሬን አስነሳሁ። ወረቀቱ ድሮ እጇ ገብቷል ብዬ ነበር፤ መሐላም ነበረብኝ። ሁለቱም ሰበብ ነው። አንዲት ጥያቄ መጠየቅ ምን ያስከፍለኝ ነበር?

ባባ ኔዳ የካቲት ላይ ሞተች። ሚስቴ ዴሳ ሬሳውን ካጠቡት ሴቶች አንዷ ነበረች። ቋጠሮውን ሲፈቱት ወረቀቱ ከካልሲዎቹ መሃል ወጣ። አሮጊቷ እስከ መጨረሻው ሰዓት የማይነካ፣ ምራቷ ብቻ የምትፈታው፣ ከዚያ የታመነ ቦታ አላገኘችም። ሴቶቹ አንብበው ዝላትካን እያቀፉ አለቀሱ፤ አልረሳችሽም አሏት። ዝላትካ በዚያ ቀን፣ ከሬሳው አጠገብ፣ ፈገግ ብላ ነበር አሉ። እኔ ስሰማ ውል አዋዋይዋ በሩ ላይ ያለችው ትዝ አለኝ።

ከቀብሩ በኋላ ሐሙስ ወደዚያው ቢሮ ወሰድኳት። ውል አዋዋይዋ አንብባ መነጽሯን አወለቀች።

"ይህ ከእሳቸው ጋር ሞቷል" አለች። "የሞተ ሰው ተወካይ የለውም።"

"ስምንት ወር ሙሉ እኮ ተኝታ ነበር" አለች ዝላትካ።

"ያኔ ብታመጪው በአንድ ጠዋት ያልቅ ነበር።"

ፕላመን በአርባው መጣ። የተዝካሩን ቅቅል ስንዴ ከእኛው ጋር በላ፣ መቃብሩ ላይም አለቀሰ። ክፉ ሰው ቢሆን በቀለለኝ። ቤቱን የሚገዛ ሰው እንዳገኘ ነገራት፤ እስከ ፋሲካ ብትቆይ ግድ እንደሌለው፣ ሳጥኑንም ለመታሰቢያ መውሰድ እንደምትችል ጨመረ። ሳጥኑን አልወሰደችም።

ከፋሲካ በኋላ በመጀመሪያው ሐሙስ ሁለት ቦርሳ ይዛ መኪናዬ ላይ ወጣች። ቪዲን ሌላ አሮጊት ልትጠብቅ ነው፤ መኝታዋም እዚያው አሮጊቷ ክፍል ነው። ከተማው ዳር ያለው ወንዝ ታየ።

"ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን ሐሙስ ነው" አለች በኋላ። "ሐሙስ ከመንደር የሚወጣ መኪና ያንተ ብቻ ነው።"

 አዎ፣ እኔ ነኝ የወሰድኳት አልኩ፤ መሐላውንም፣ እጅሽ ገብቷል ብዬ ማሰቤንም ነገርኳት። ብትሰድበኝ ደስ ባለኝ፣ መንገድ ላይ አቁሜ እሰማት ነበር። እሷ ግን ጭኗ ላይ ያሉትን እጆቿን ነበር የምታየው።

"የሳጥኑን ነገር ስነግርህ" አለች፣ "ዳቦ እየሰጠኸኝ ነበር።"