አሥራ ሰባቱ ወስፌዎቼ

ይህን ለባሌ እንኳ ነግሬው አላውቅም። መርሳ ገበያ በወጣሁ ቁጥር አዲስ የስፌት ወስፌ ካልገዛሁ አያስችለኝም። አሥራ ሰባት አሉኝ፤ ሁሉንም ከመጻሕፍቴ ጀርባ ደብቄያቸዋለሁ። ስፌት እችላለሁ እንዳይመስላችሁ። የጀመርኳት ሰፌድ ሦስት ዓመት ሙሉ ከስኒ ማስቀመጫ አልበለጠችም። እኔ ግን ሁልጊዜ በወስፌው አላክካለሁ፤ አንዱ ደነዘ፣ የሌላው እጀታ ወፈረ እላለሁ።

አንድ ቀን ወስፌ ሻጯ እትዬ ዘሐራ ትኩር ብለው አዩኝና፣

«አንቺ መምህርት፣ ይሄን ሁሉ ወስፌ ትቆረጥሚዋለሽ እንዴ?» አሉኝ።

ደንግጬ፣ «ሴቶችን ስፌት አስተምርበታለሁ» አልኩ።

«ማሻ አላህ! አላህ ነው ያመጣሽ። የኔዋ ልጅ ሠርጓ ደርሶ ወስፌ አያያዝ እንኳ አታውቅም። ነገ በጠዋት እልክልሻለሁ!»

«ኧረ እትዬ፣ ነገ እንኳ አይመቸኝም» ብል ማን ሊሰማኝ! ቤቴን እንደሆነ ያውቁታል።

በማግስቱ ጠዋት ልጅቱ አክርማና ስንደዶዋን ታቅፋ ደጃፌ ላይ ቆመች። አንዲት ዙር ብሰፋ ጉዴ መውጣቱ ነው። ነጠላዬን አነሳሁና፣ «የመጀመሪያው ትምህርት ወስፌ መምረጥ ነው» ብዬ እናቷ ወደማይሸጡበት ወደ ጎረቤት ከተማ ግራና ገበያ ይዣት ሄድኩ።