ስለ በጀት ልናገር ደብረ ማርቆስ ሄጄ

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ደምበጫ

ሚኒባሱ ሳይሞላ ደርሼ ጋቢና ያዝሁ። በኪሴ ሁለት ነገር አለ፦ ለዛሬው የነጋዴዎች ስብሰባ ያዘጋጀሁት ንግግርና ለቤቴ ፎቅ ሲሚንቶ የምገዛበት ገንዘብ። ከአራተኛ ክፍል ወዲህ ያስተማረኝ የለም፤ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር እያነበብሁ ነው የተማርሁት። ለዚህ ይሆናል ሰው ሁሉ ተማሪዬ የሚመስለኝ።

ንግግሩን በሚነበብ ፊደል የገለበጠችው ልጄ እመቤት ከኋላዬ ተቀምጣለች። ደብረ ማርቆስ ኮሌጅ ገብታ ነርስነት አንድ ዓመት ተምራለች። ዘንድሮ ግን "ግብር ጨምሯል፣ ቆዪ" ብዬ አስቀርቻታለሁ። ምዝገባው ዛሬ ያበቃል። መንገድ ላይ ልቡ ይራራ ይሆናል ብላ ነው መሰለኝ የተከተለችኝ።

"አንድ ሰው ብረቱ ጋ ይጠብቀናል" አለ ረዳቱ።

"የቱ ብረት?"

ሾፌሩ ፈገግ አለ። "የእርስዎው ነዋ ጋሼ፣ ቤትዎ ላይ የቆመው። ሰዉ ፌርማታ አድርጎታል።"

ለፎቁ ምሰሶ ብዬ ከጣሪያ በላይ ያስቀረሁት ነው። ስምንት ክረምት ዘንቦበት ዝገቱ በግድግዳው ወርዷል።

አማኑኤል ሳንደርስ

ኑጉ አብቧል። ከመንገዱ ዳር ጣሪያ የሌለው የመንግሥት ግንብ ቆሟል፤ በመስኮቱ ፍየል ብቅ ብላ ታየናለች።

"ግብራችን ይኸውላችሁ" አልሁ ለተሳፋሪው ሁሉ። "ጀምሮ መተው ካለመጀመር ይከፋል።"

ዶሮ የታቀፉ እናት "ቄስ ነዎት?" አሉኝ።

"ነጋዴ ነኝ።"

"እኔስ ንስሐ ሊያስገቡን መስሎኝ።"

ሰው ሁሉ ሲስቅ እመቤት በመስኮት ታያለች።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ደብረ ማርቆስ

ተራዬ ሲደርስ ቆምሁ። "ግብሩን እንከፍላለን። ለነገ የሚሆን መሥራትም ደግ ነው። ግን የተጀመረው ሳያልቅ አዲስ ወጪ ውስጥ አትግቡ።" ተጨበጨበልኝ። ሰብሳቢው ማስታወሻ ያዘ፤ የኔን ሐሳብ ይሁን የምሳውን ዝርዝር አላውቅም።

እመቤት በር ላይ ጠበቀችኝ።

"እንዴት ነበር?" አልኋት።

"ጥሩ ነበር አባባ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ የኔ ትምህርት የተጀመረ ነው ወይስ አዲስ ወጪ?"

ልቆጣት አፌን ከፈትሁ። የጠየቀችኝ ግን በራሴው ንግግር ነው። ግብሩ እውነት ጨምሯል፤ ነገር ግን ከፍዬ በተረፈኝ ገንዘብ ተጨማሪ ብረት ገዝቻለሁ። ይህን ለስብሰባው አልተናገርሁም። አባቶች ሆይ፣ ንግግራችሁን ለልጃችሁ አታስገልብጡ።

በባጃጅ ኮሌጁ ደረስን፤ የሲሚንቶውን ገንዘብ ከፈልሁ። እመቤት ደረሰኙን ሁለት ጊዜ አጥፋ ያዘችው።

"ፎቁስ አባባ?"

"በጀቱ ተዛውሯል።"

ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ደምበጫ መግቢያ

በሌላ ሚኒባስ ብቻዬን ተመለስሁ። ያ ጣሪያ የሌለው ግንብ ጋ ስንደርስ ፊቴን ወደ ሌላው መስኮት አዞርሁ። ቤቴ ሲቃረብ ረዳቱን "ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብለህ አውርደኝ" አልሁት።

"የት ጋ ነው ጋሼ?"

"ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ፣ ሰማያዊ በር ያለው።"

"አላወቅሁትም።"

ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

"ብረቱ ጋ ወራጅ አለ።"