«መድኃኒት አቅምሰዋታል»

ባለፈው ሳምንት ለጉልበቴ ሕመም የታዘዘልኝን ልገዛ ብሄድ፣ ፋርማሲስቷ ልጅ አረንጓዴና ቢጫ እንክብል አወጣችልኝ። አውቀዋለሁ።

«ይሄ ሆድ ያስብሳል?» አልኳት።

«ሆድ ቁርጠት ማለትዎ ነው?»

«የለም ልጄ፣ ሆድ ያስብሳል ወይ ነው ያልኩሽ።»

ተጠራጣሪ ነኝ። እናቴ «አንቺ ውሃ እንኳ ሳታሸቺ አትጠጪም» ትለኝ ነበር። ያን እንክብል ለመጠርጠር ግን ዘግይቼበታለሁ።

ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ጅቡቲ፣ ቡላኦስ ውስጥ ሰው ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። የወሰደችኝ የአክስቴ ልጅ እትዬ ዘነቡ ናት። እሷ ጋዝ ሲሊንደር ተሸክማ ደረጃ ላይ ከወደቀች ወዲህ ወገቧ አልድን ብሎ፣ አርሂባ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ ልብስ ትጠግን ነበር። ለሕመሙ የታዘዘላትን ያንኑ አረንጓዴና ቢጫ እንክብል ዓመት ሙሉ ስትውጥ ከርማለች። ዓርብ ዕረፍቴ ስለሆነ እሷ ጋ እውላለሁ።

ዘነቡ ማለት ተረበኛ፣ ቤቱን በሳቅ የምትሞላ ሴት ነበረች። በዚያ በጋ፣ ከበረሃ የሚመጣው ትኩስ ነፋስ አሸዋውን በመስኮት ሲያስገባ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መዋል ጀመረች። ፀጉሯን አትሠራም፣ አትበላም።

«ምን ሆነሽ ነው እትዬ?»

«ምንም። እንዲሁ ደበተኝ።»

እንዲሁ የሚባል ነገር እኔ አላውቅም። ዓይኔ ጎረቤቷ ፋጡማ ላይ አረፈ። ፋጡማ ከኢትዮጵያ ለሚመጡ ከባድ መኪና ሾፌሮች ሻይ የምትሸጥ ሶማሌ ናት፤ አማርኛዋንም ከነሱ ነው የለቀመችው። በየቀኑ ሩዝ በዓሣ ታመጣለች። ዘመድ ያልሆነ ሰው በነፃ የሚያበላው ለምንድን ነው? መድኃኒት አቅምሳታለች አልኩ። ሰው ድንገት ሲለወጥ እኛ የምንለው ይኸው ነው፤ በምግብ የሚሰጥ ድግምት ማለታችን ነው። ሩዙን ሰፈር ውስጥ ለሚዞሩት ፍየሎች ደፋሁት። በልተው ደህና ሲውሉ አይቼ እንኳ አላመንኩም።

«ዘነቡ ዓሣ አልተስማማትም፤ ከእንግዲህ አታምጪ፤ ሰውም አትፈልግም» አልኳት ፋጡማን። ትንሽ አየችኝና ሳህኗን ይዛ ሄደች።

ከዚያ በሦስተኛው ዓርብ እትዬ ዘነቡ «ተኝቼ ባልነሳ ምን አለበት» አለችኝ። ደነገጥኩ። ደግፌ ክሊኒክ ወሰድኳት። ነርሷ ፈረንሳይኛ እንጂ አማርኛ አታውቅም፤ ድሬዳዋ ያደገው የበሩ ጥበቃ ተረጎመልን።

«መድኃኒት አቅምሰዋታል በላት» አልኩት።

እሱም ቃል በቃል ነገራት። ነርሷ ወዲያው ብዕሯን አነሳች። «በቀን ስንት? ከመቼ ጀምሮ?»

እንዴት ያለች አዋቂ ናት አልኩ በልቤ። «በቀን አንድ ሳህን» አልኳት።

ጥበቃው ግራ ገብቶት ሲያየኝ፣ እትዬ ዘነቡ ከጉያዋ እንክብሉን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ነርሷ ማሸጊያውን አየች፣ ከዚያ እጇን ያዘች። «መሞት ያምርሻል?»

«አዎ» አለች እትዬ ዘነቡ።

እኔ ፍየሎች ሳበላ እሷ ሞትን ታስብ ኖሯል።

የቆየ ሕመምም፣ እንዲህ ያለው እንክብል ሲቆይም፣ አንዳንዱን ሰው እንዲህ ያደርገዋል አለች ነርሷ። በድንገት እንዳታቆመው፤ ሐኪሙ ዛሬውኑ አይቶ ቀስ በቀስ ይቀንስላታል፤ ብቻዋን ግን እንዳትሆን። «ሁልጊዜ ማን ያያታል?»

«ፋጡማ ነበረች» አለች እትዬ ዘነቡ። «እሷም ቀረች። ሰለቸኋት መሰለኝ።»

ማታውኑ የፋጡማን በር አንኳኳሁ። ይቅርታ ልጠይቃት ነበር። እሷ ግን ያኔ ያልኳትን እንዳለ አምናኝ ኖሯል። «ዓሣ እንቢ ካለች፣ ሾርባ ልሥራ?» አለችኝ።

የእትዬ ዘነቡ ሳቅ ለመመለስ ወራት ፈጀ። ወገቧ ዛሬም ያማታል፤ ተረቧ ግን አለ። ሩዙን ለፍየል መድፋቴን ከነገርኳት ወዲህ፣ ስትደውልልኝ «ፍየሎቹ እንዴት ናቸው?» ትለኛለች።

ፋርማሲስቷ ሳትስቅብኝ አስረዳችኝ፤ እንክብሉን ገዛሁ። ከመዋጤ በፊት ግን ጎረቤቴን ጠርቼ «ዝም ካልኩብሽ በሬን አንኳኪ» አልኳት። ትናንት ገንፎ ይዛ መጣች። አሸተትኩት፤ ከዚያ በላሁት።