ናቲ ትራይ አደረገ

የጡንቻ ቅባት ሽታ ባጋጠመኝ ቁጥር ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ የነበረው ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማችን ትዝ ይለኛል። ወንድሜ ናቲ ሞላላ ኳስ ታቅፈው ከሚጋፉበት ከራግቢ ልምምድ ሲመለስ ያንን አፍንጫ የሚቆነጥጥ ቅባት ከአንገቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ተለቅልቆ፣ ጭቃ የጠጣ ጫማውን በር ላይ ጥሎ ሶፋው ላይ ይዘረር ነበር፤ እናቴም ከሥራ ስትገባ ገና በሩን እንደከፈተች «ዛሬ ደግሞ ማነው ጉንፋን የያዘው?» ትል ነበር። እኔ ያኔ አሥር ዓመቴ ነበር፣ ናቲ ደግሞ አሥራ ስድስት ሞልቶት ሶፋው አጥሮት ነበር።

አባቴ ዳውንታውን ዴንቨር፣ ከአንድ ትልቅ ፎቅ ሥር ፓርኪንግ ውስጥ ይሠራ ስለነበርና ቅዳሜ የማይቀርበት የሥራ ቀኑ ስለነበር፣ የናቲን ጨዋታ አንድም ቀን ሄዶ አይቶ አያውቅም ነበር። እናቴ ደግሞ የልጄን አንገት ሲሰብሩት ቆሜ አላይም ብላ እግሯን ልታነሳ ቀርቶ እኔንም አትልክም ነበር። ስለዚህ የሜዳው ወሬ ቤታችን የሚገባው በናቲ አፍ ብቻ ነበር፤ የናቲ አማርኛ ደግሞ ግማሹ እንግሊዝኛ ነበር።

በረዶው ቀልጦ ሜዳው ጭቃ ሲሆን እስከ መከር የሚዘልቀው የውድድር ወቅት ይጀመርና ሁልጊዜ ከሁዳዴ ጋር ይጋጭ ነበር። አሠልጣኙ ሥጋና እንቁላል ብላ ይለዋል፣ እናቴ ምስር ትከምርለታለች፣ እሱም ማንንም ላለማስቀየም ብሎ ምስሩን ቤት፣ እንቁላሉን ጓደኞቹ ዘንድ ይበላ ነበር። ቅዳሜ አባቴ ከሥራ ገብቶ ጃኬቱን ሳያወልቅ እንዴት ነበር ብሎ ይጠይቀዋል፣ ናቲም ከተጋደመበት ሳይነሳ «ሁለት ትራይ አደረግኩ» ይለዋል። አባቴ እግር ኳስ ሲያይ ያደገ ሰው ስለነበር፣ ሁለት ሙከራ ማለት ሁለት የሳተ ኳስ ማለት እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል፤ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «አይዞህ፣ ዋናው መሞከሩ ነው» ይለው ነበር። ያን ጊዜ ናቲ ፊቱን ወደ ሶፋው መደገፊያ ያዞራል። እኔም በመሳቱ ያፈረ ስለሚመስለኝ አንጀቴን ይበላው ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ዓመት አለፈ፤ ልጁ በየሳምንቱ ይሞክራል፣ አንድም ቀን አያገባም። በጋ ላይ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር እዚያው ዴንቨር ያለው ሴንትራል ፓርክ ሥጋ ልንጠብስ ስንሰበሰብ፣ በወጣትነታቸው በረኛ የነበሩት ጋሽ ታደሰ አባቴን «ልጅህ አገባ?» ብለው ይጠይቁት ነበር። አንድ ጊዜ አንዲት ሴትዮ ከኋላ ሰምታ፣ ሳትጠራ የቀረችበት ሠርግ መስሏት እናቴን በኩርፊያ እንኳን ደስ ያለሽ ብላታለች። ሁላችንም ሳቅን፣ አባቴ ግን አልሳቀም፤ እየሞከረ ነው ጋሼ ብሎ ሥጋውን ማገላበጡን ቀጠለ። በልጁ አላፈረም፣ አዘነለት እንጂ።

ናቲ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሞላው መከር፣ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን፣ አንድ ፕሮፌሽናል ክለብ ላስፈርምህ አለው። አባቴ ነገሩ ማታለል መሰለው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ያላገባ ልጅ ምን ሊያደርግላቸው ነው፣ አጥንቱ ሳይሰበር የነርስነት ትምህርቱን ይጀምር ብሎ ቁርጡን ተናገረ። ናቲ ደግሞ ለእኔ በእንግሊዝኛ፣ ምንም ባደርግ አባዬ እንደ ሕፃን አይዞህ ከማለት ሌላ ደስ ብሎት አያውቅም፣ ፈርሜ ከቤት እወጣለሁ አለኝ። ሁለቱ ሳምንቱን ሙሉ ሰላምታ እንኳ ሳይለዋወጡ ሰነበቱ፣ እኔም ወንድሜ በኩርፊያ ሊሄድብን ነው ብዬ ፈራሁ።

በዚያው ቅዳሜ አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ፣ አሠልጣኙን ፊት ለፊት ሊያናግር እኔን አስከትሎ ሄደ። መኪናው ውስጥ «ስለ ሁሉም እናመሰግናለን፣ ልጄ ግን ትምህርቱን ይጀምራል» የምትለውን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ደጋግሞ አጠናት፣ እኔም አነጋገሩን አረምኩለት።

ገብተን ብዙም ሳንቆይ ናቲ ኳሷን ተቀብሎ፣ ሁለት ሰው ወገቡ ላይ እንደተንጠለጠለ ነጩን መስመር አልፎ ኳሷን በደረቱ አቅፎ ተዘረረ። ሰው ሁሉ ብድግ ሲል አባቴ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀምጦ ቀረ።

«ወደቀ» አለ።

አጠገባችን የነበረችው አሜሪካዊት ትራይ፣ ትራይ እያለች ትጮኻለች፣ ሰሌዳው ላይ አምስት ነጥብ ተጨመረ። አባቴ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«ትራይ ማለት ማግባት ነው እንዴ?»

እኔም ገና ያኔ ነበር የገባኝ። አንገቴን በአዎንታ ስነቀንቅለት ሜዳውን አየ፤ ከዚያም ሰው ሁሉ ተመልሶ ከተቀመጠ በኋላ ብቻውን ተነሥቶ፣ ጨዋታው ሌላ ጥግ ደርሶ ሳለ፣ ማጨብጨብ ጀመረ።

ጨዋታው ሲያልቅ አሠልጣኙ ጋ ሄዶ እጁን ጨበጠና «ስለ ሁሉም እናመሰግናለን» አለው፤ እኔ «ግን» የምትለዋን ጠበቅኩ፣ አልመጣችም። ናቲ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ፊቱን አጥቁሮ ሲመጣ አባቴ «እኔ እኮ ስተህ መስሎኝ ነው አይዞህ ስልህ የኖርኩት» አለው። ናቲ መጀመሪያ አልገባውም፣ ሲገባው ግን ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ለክለቡ ፈርሞ አራት የውድድር ዘመን ተጫውቶ ትከሻው እምቢ ሲለው አቆመ፤ ዛሬ ቶርንተን ውስጥ የሌሎችን ትከሻ እያሸ ያድናል፣ ደስተኛም ነው። ያኔ አባቴን ቅዳሜ ከሥራ ማስቀረት የማይታሰብ ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቶ፣ ቅዳሜ ሲደርስ ወንበሩን ተሸክሞ ልጁ የሌለበት ሜዳ ይሄዳል፣ የማያውቃቸውን ልጆች በአማርኛ እየጠራ ግፋ፣ ግፋ ይላል። ባለፈው አብሬው ሄጄ ብርዱ ሲጠብስኝ፣ ናቲ ካቆመ ስንት ጊዜው፣ እዚህ ምን ታደርጋለህ አባዬ አልኩት።

ዓይኑን ከሜዳው ሳያነሳ «ሦስት ዓመት ሙሉ አልመጣሁም እኮ» አለኝ።