እርጥብ ማገጥ

ዛሬ ጠዋት ሞጣ ገበያ ዳር አንዲት ሴት ማገጥ የሚባለውን እርጥብ ሣር ተሸክማ አጠገቤ አለፈች። የማገጡ ሽታ ሲደርሰኝ ልጅነቴ ትዝ አለኝ።

ልጅ ሳለሁ፣ ቢቸና አጠገብ፣ መስከረም ላይ ነው። ክረምቱን ጭድ ስትበላ የከረመችው ብቸኛዋ ላማችን ጤዛ ያዘለ ማገጥ ላይ ገብታ ጠግባ ኖሮ ሆዷ ተነፋ፤ ትንፋሽ አጠራት። አባቴ ገበያ ሄዷል ተብያለሁ። አጎቴ ቢላዋ ይዞ መጣ።

“እታለም፣ በክት ከምትሆን እንባርካት” አላት እናቴን።

“እንዳትነካት!”

እናቴ የኑግ ዘይት አጠጣቻት፤ እንድታኝክም አፏ ላይ እንጨት አግድማ አሰረችባት። ከዚያ የነፋት አየር እንዲወጣላት አቀበቱን እየጎተተች ታስወጣት ጀመር። እኔ ከኋላ እገፋለሁ፤ አጎቴ ቢላዋውን እንደያዘ ይከተለናል። ላሟ በተንገዳገደች ቁጥር እናቴ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ “ክረምቱን ከኔ ጋር ችለሽ፣ መስከረም ሲጠባ ልትሄጂ? አንቺም እንደሱ?” ትላታለች።

“እንደ ማን ነው እማ?”

“ዝም ብለሽ ግፊ!”

አቀበቱ ጫፍ ስንደርስ ላሟ ቆመች። ረጅም ግሳት ወጣትና ጎኗ እየጎደለ ሄደ። እናቴ አንገቷን አቅፋ አለቀሰች፤ ለላሟ መሰለኝ። አባቴን ግን ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ዛሬ ገበያውን ትቼ ለእናቴ ደወልሁ። ያን ቀን ላሟን “እንደሱ” ስትላት እንደ ማን ማለቷ እንደነበር ጠየቅኋት።

“አባትሽ የሄደው ያን ጠዋት ነው” አለች። “ነግሬሽ ብታለቅሺ ማን ይገፋልኝ ነበር?”