ወይዘሮ ሶኬትና የእናቷ ማድቤት

አብረዋት የሚሠሩት አናጢዎች ስሟን ረስተውታል ማለት ይቻላል። ሰው ቤት ስትገባ ከሰላምታ በፊት «ሶኬት የት ነው?» ስለምትል ወይዘሮ ሶኬት ብለው አወጡላት፤ እሷም ተቀየመች እንዳይሏት አቤት ማለት ጀመረች። ሥራዋ የሰው ማድቤት ንድፍ ማውጣት ነው። ቢሮዋ ትከሻዋ ላይ ነው፤ ከነቻርጀሩ የጨቅላ ሕፃን ክብደት ያለው አንድ ጥቁር ላፕቶፕ። ሻጩ «ይሄን ይዘሽ የትም መሥራት ትችያለሽ» ብሏት ነበር። አልዋሸም። ባትሪው ከባድ ሥራ ሲያይ አርባ ደቂቃ ስለማይሞላ ግን፣ «የትም» ያለው ሶኬት ያለበትን ቦታ ሁሉ መሆኑ ቆይቶ ነው የገባት።

በዚህ ላፕቶፕ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ሠርታለች፣ የቀለም ባልዲ ላይ አስደግፋ ሠርታለች፣ አንድ ጊዜም ሌላ መቀመጫ ጠፍቶ ባዶ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ገብታ ሠርታለች። ገና ያልተሠራውን ማድቤት ፎቶ አስመስላ ስታወጣ ማሽኑ ይግላል፣ ማራገቢያው ይጮኻል። ደንበኛው «ሊፈነዳ ነው እንዴ?» ሲላት «እያሰበ ነው» ትላለች። ከዚያ ላፕቶፑን አዙራ «ይመልከቱት» ትላለች። ያየ ሁሉ እጁን ይሰጣል። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ያልተረታላት አንድ ሰው ቢኖር እናቷ ናቸው።

እናቷ ዓይናቸው ከጠፋ አራት ዓመት ሆኗል። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ በገዛ ማድቤታቸው ግን ከማንም ዓይናማ ይበልጣሉ። ጨው በግራ፣ ቢላዋ በቀኝ፣ ከምድጃው እስከ ውሃው ሁለት እርምጃ። አሁን ቤቱ ሊፈርስ ነው፤ በሁለት ወር ውስጥ ይለቃሉ።

«እኔ ጋ ነዋ የምትገቢው» አለች ልጅቱ።

«ማድቤትሽን መች አውቀዋለሁ? ሻይ እንኳ አፍሉልኝ እያልኩ አንቺ ቤት ከምጎለት የአረጋውያን ማረፊያ ይሻለኛል። እዚያ ሁሉም ተቀማጭ ነው፣ አላፍርም።»

ቀልድ መስሏት ነበር። ለካ ሰው ልከው ቦታ መኖሩን አስጠይቀዋል። ወይዘሮ ሶኬት የምታውቀውን ሠራች። የእናቷን ማድቤት ከዳር እስከ ዳር ለካች። የራሷን ማድቤት በላፕቶፑ ላይ አፍርሳ ልክ በዚያው ርቀት፣ በዚያው ከፍታ እንደገና ሠራችው። በመስኮቱ የረፋድ ፀሐይ አስገባች። እሑድ እናቷን ቤቷ አምጥታ ሳሎን አስቀመጠቻቸው፤ ማሽኑም እየጮኸ ሥዕሉን አወጣ። እሷም እንደ ልማዷ ላፕቶፑን አዞረችና «ተመልከቺው እማዬ» አለች።

ማራገቢያው ብቻ ይሰማል። እናት ፊታቸውን ወደ ድምፁ መለስ አድርገው «ያምራል» አሉ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስ ባላት። ተነሥታ ቤት ያለውን ካርቶን ሁሉ ሰበሰበች። ሳሎኑ መሐል እየደራረበች በልኩ መደርደሪያ ሠራች፤ ጨውና ቢላዋውን በየቦታቸው አኖረች፤ ለዕቃ ማጠቢያው ባልዲ አቆመች። ምድጃ የሚሆን ነገር ጠፋ። የቀረው ላፕቶፑ ነበር፤ አዲስ ሥዕል አስጀምራ እንደጋለ አንስታ ካርቶኑ ላይ አስቀመጠችው።

እናት በእጃቸው እየዳሰሱ ገቡ። ጨው አገኙ። ቢላዋ አገኙ። «ይቺን መደርደሪያ ስንዝር ወደዚህ» አሉ። በሜትሩ ልኬት ትክክል ነበር፤ ቢሆንም ገፋችው። ሁለት እርምጃ ተራመዱና መዳፋቸውን ላፕቶፑ ላይ ዘረጉ።

«ምድጃው ይሄ ነው?»

«ለጊዜው ነው እማዬ።»

«ይጮኻል።»

«የሚገባው አዲስ ነው። ድምፅ የለውም።»

እናት እጃቸውን አላነሡም። «የኔንም ድምፅ የለውም ብለሽ ነው የገዛሽልኝ። ሁለት ጊዜ ሳላጠፋው ተኝቻለሁ፤ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። የሚጮኸውን አድርጊልኝ።»

ልጅቱ አለቀሰች፤ እናት ሰሙ። «የማረፊያውን ቦታ ለሌላ ሰው ይስጡት በያቸው» አሉ። «ካርቶኖቹን ደግሞ ማንም እንዳይነካብኝ። እስኪሠራ እለማመድበታለሁ።»

በማግስቱ ወይዘሮ ሶኬት ደንበኛ ቤት ወረቀትና እርሳስ ይዛ ሄደች። በሩ ላይ «እንደምን አደራችሁ?» አለች። አናጢው መዶሻውን አስቀመጠ።

«አሞሻል እንዴ? ላፕቶፕሽስ?»

«ቤት ነው» አለች ሜትሯን እየዘረጋች። «እናቴ እያበሰለችበት ነው።»