«ጉዳዬ» ማለትን ያጠኑ የነበሩት መምህራችን

«እቴ አረፈች» አለኝ መኳንንት በስልክ።

የገበያ ቀን ነበር፤ ሱቄ በሰው ተሞልቷል። እኔም «ደግ ነው፣ ይረፉ፤ ሰሞኑን ደክሟቸው ነበር» አልሁት። ሲቃው ሲሰማኝ ነው የነገረኝ የገባኝ። የመኳንንት እኅት፣ መምህራችን ዶክተር ዝናሽ፣ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

ይህን የምጽፈው ለሚያውቋቸው ሁሉ ነው፤ ለተማሪዎቻቸው፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸው፣ ለሰቆጣ ነጋዴዎችና ለደሃና ወረዳ ዘመዶቻቸው። ነገሩ ገብቶኝ ላስረዳችሁ አይደለም። እኔም እንደ እናንተው ግራ ገብቶኛል።

ዶክተር ዝናሽ ደሃና ተወልደው፣ ሰቆጣ ተምረው፣ በኋላ በዩኒቨርሲቲ ማርኬቲንግ ሲያስተምሩ የኖሩ ሴት ነበሩ። እኔ ኑረዲን እዚያ ተማሪያቸው ነበርሁ። ተመርቄ ሰቆጣ ያለውን የአባቴን ሱቅ ተረክቤ የእጅ ስልክና የሶላር መብራት መሸጥ ስጀምር፣ እርሳቸው ክረምት በመጣ ቁጥር ለጥናታቸው ከሱቄ እየመጡ ይቀመጡ ነበር።

የሚያጠኑት የሸማቾችን ባህሪ ነው፤ ሰው የትኛውን ዕቃ ከልቡ አስቦ እንደሚገዛ፣ የትኛውን ደግሞ ዝም ብሎ አንሥቶ እንደሚሄድ። መጻሕፍቱ ይህን «ተሳትፎ» ይሉታል። እርሳቸው ቃሉን አይወዱትም ነበር። «ተሳትፎ የስብሰባ ቃል ነው» ይላሉ። «የኛ ሰው ወይ ጉዳዬ ይላል፣ ወይ ጉዳዬ አይልም።» ክፍል ውስጥም ያስተማሩን ይህንኑ ነው፦ «ጉዳዬ ያለ ይጠይቃል፣ ያወዳድራል። ጉዳዬ ያላለ እጁ የደረሰበትን ይዞ ይሄዳል።»

አንድ ክረምት ከደሃና እየመጡ አንዲትን ስልክ አይተው የሚመለሱ አንድ አባት ነበሩ። ልጃቸው ወደ ዐረብ አገር ልትሄድ ተነሥታለች። ስልኳን ያገላብጧታል፣ መልሰው ያስቀምጧታል፣ ይሄዳሉ። ዶክተር ዝናሽ መጠይቃቸውን ይዘው ቀረቧቸው። ስለ ባትሪው፣ ስለ ዋስትናው፣ ሌላ ሱቅ ገብተው አወዳድረው እንደሆነ ጠየቋቸው። ሰውየው አንዱንም አላሰቡበትም።

«አባባ፣ ታዲያ የሚያሳስብዎ ምንድን ነው?»

«ልጄ፣ በዚህ ሲያወሩ የሰው ድምፅ ይለወጣል?»

ዶክተር መጠይቁን ጠረጴዛው ላይ ትተው፣ ስልኳን ለአዛውንቱ አስይዘው፣ የራሳቸውን ይዘው ወጡ። ዝናብ ይጥላል። ከማዶ፣ ባጃጆቹ ከሚቆሙበት ሆነው ደወሉና በአካባቢው የአገው ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ ያወሯቸው ጀመር። ቋንቋውን አልችልምና ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ሰውየው ስልኳን በሁለት እጃቸው ጆሯቸው ላይ ይዘው ብዙ አዳመጡ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረው «እሷው ናት!» አሉኝ፣ ፊታቸው በርቶ። ስልኳን የዚያኑ ዕለት ገዙ። ዶክተር ሲመለሱ ነጠላቸው በስብሶ ትከሻቸው ላይ ተጣብቆ ነበር።

ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ ግንባራቸውን ቋጥረው ተቀመጡ። «ኑረዲን፣ ያስተማርኋችሁ ነገር እዚህ አልሠራም» አሉ። «ሊገዛ ያላሰበው ጎረምሳ ስለ ካሜራው ስለ ምኑ ሲያደርቅህ ይውላል። ልጁን የሚሰድ አባት ግን የጠየቀን አንድ ነገር ነው። እሱንም እኔ በመጠይቄ አላሰፈርሁትም።»

ከዚያ በኋላ የጠየቁት ሰው በበዛ ቁጥር ይበልጥ ግራ ይገባቸው ጀመር። ጥናታቸውን በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ሲያቀርቡ እኔም ተጋብዤ ነበር። አንድ መምህር ድምዳሜያቸውን ጠየቋቸው። «የጠበቅሁትን አላገኘሁም፤ ያገኘሁት ደግሞ ገና አልገባኝም» ብለው መለሱ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እርሳቸውም አብረው ሳቁ። አልቀለዱም ነበር።

ባለፈው ዓመት ልባቸውን ታመሙ። ሐኪሞቹ አዲስ አበባ ሄደው ቀዶ ሕክምና እንዲያደርጉ መከሯቸው። ጫማ ለገዛ ተማሪ እንኳ «ሌላ ሱቅ አይተሃል?» የሚሉት ሴት፣ የት ይሻላል፣ ማን ያድናል ብለው አልጠየቁም። ፈቃድ ወስደው ሰቆጣ ገቡ፤ «እዚሁ እከታተላለሁ» ብለው ቀሩ።

«ዶክተር፣ ይህ ጉዳይዎ አይደለም?» አልኋቸው አንድ ቀን።

ፈገግ ብለው «ደንበኛ ቆሞብሃል፣ አስተናግድ» አሉኝ።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ለእናታቸው ብርድ ልብስ ሲገዙ ነው። ትንፋሽ እያጠራቸው ሱቅ ለሱቅ ዞሩ። እያንዳንዱን በጣታቸው ዳበሱ፣ ጉንጫቸው ላይ አስነኩ፣ «ሲታጠብ ይሻክራል?» ብለው ጠየቁ። ለዚያ ጊዜ ነበራቸው።

ለቅሶ ላይ ከመኳንንት አጠገብ ተቀመጥሁ። ለምን እንዳልሄዱ ጠየቅሁት። «ፈርታ ነው» አለኝ። «ከልጅነቷ ጀምሮ ምላጭ ትፈራለች። ለሰው አትናገርም እንጂ።»

እናታቸው እማማ ብርቄ ሰሙት። «ምን ፈርታ! እኔን ብላ ነው» አሉ። «መኪና እንደማይሆነኝ ታውቃለች። አዲስ አበባ ብትተኛ አልደርስላት። እኔን ብላ ነው የቀረችው ልጄ።»

«እማዬ፣ እንዲህ አትበይ።»

«እውነቱን ብናገር ምን አለበት?»

መኳንንት አቀርቅሮ አለቀሰ። ፈርታ ነው ማለቱ እውነት ስለሆነ ይሁን፣ ወይስ ከእናቱ ላይ ሸክሙን ለማንሣት፣ ለይቼ አላወቅሁም። መልሼ ልጠይቀው አፌን ከፈትሁና ተውሁት። ምናልባት ሰው እጅግ ጉዳዬ ባለው ነገር ላይ አይጠይቅ ይሆናል ብዬም አሰብሁ። ወዲያው ደግሞ ተናደድሁ፤ ጠይቀው ቢሆን ኖሮ ዛሬ በሕይወት ይኖሩ ነበር ብዬ። በማን እንደተናደድሁም አላውቅም።

ዶክተር ዝናሽ ሆይ፣ ለምን እንደቀሩ እርስዎ ብቻ ነበር የሚያውቁት፤ ምናልባት እርስዎም ግራ ገብቶዎት ይሆናል። እናትዎና ወንድምዎ በምክንያቱ አልተስማሙም፤ የሚስማሙም አይመስለኝም። አንድ ነገር ላይ ግን ሁለቱም ቃላቸው አንድ ነው፦ ሲያርፉ እናትዎ አልጋዎ ላይ ተቀምጠው፣ ራስዎ በጭናቸው ላይ ነበር። እኔ ከዚህ የበለጠ አልጠይቅም። በሄዱበት ሰላም ይሁኑ፤ የአገርዎ አፈር ይቅለልዎ።